ፈቺ ያጣ ስእለት

ቃልን መጠበቅ መልካም ነገር ስለ መሆኑ የሚከራከር ሰው በአገራችን አይገኝም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው አባባል ገደል ከበዛበት አገር ለመወለዱ ምስክር አያሻውም፤ የተናገሩት ቃል ጫፍ ላይ የቆመ ሸክም ነውና አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ መልሶ የሚይዘው የለም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአፍ የወጣው ቃል ራሱ ጥፋት ቢሆንስ? ታማኝነት ማለት ቃሉን እስከ ገደሉ ግርጌ ተከትሎ መውረድ ነውን? ወይስ ሰው ለቃሉ ታምኖ ለሌላው ሁሉ ከሐዲ ሊሆን ይችላል?

ይህን ጥያቄ በረቂቁ ከማገላበጥ ይልቅ ሥጋና ደም ለብሶ በሚታይበት ስፍራ መመልከት ይሻላል። ስፍራው ዋግ ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ፣ ከደጋው እስከ አበርገሌ ቆላ ድረስ፣ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ቅጠል በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ጠጉራቸውን እንደየዕድሜያቸው ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ቀጥሎም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው ጨዋታ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለ አመጣጡ የሚተረከው ግን አንድ ብቻ አይደለም። ገሚሱ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዘዋል፤ ገሚሱ ርግቢቱ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ይነሣል። ሦስተኛው ትረካ ከሁለቱ ይልቅ እንግዳ ነው፤ የመስፍኑ የዮፍታሔ ልጅ መታሰቢያ ነው ይላል። ከሦስቱ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ትርጓሜ እንደሆነ መወሰን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ሕዝብ ይህን ያህል ደስታ የሞላበትን ጨዋታ ይህን ያህል መራራ ከሆነ ታሪክ ጋር ማዛመዱ ነው።

ታሪኩ በመጽሐፈ መሳፍንት በ11ኛውና በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ዮፍታሔ የገለዓድ ሰው ነው፤ እናቱ ጋለሞታ ነበረችና ከሕጋዊቱ ሚስት የተወለዱት ወንድሞቹ ከአባታቸው ርስት እንዳይካፈል አባረሩት። ወደ ጦብ አገር ሸፈተ፤ እንደ እርሱ መግቢያ ያጡ ሰዎችም ተሰበሰቡለት። ዘመን አልፎ አሞናውያን ገለዓድን ባስጨነቁ ጊዜ፣ ያን ጊዜ ሲባረር ዝም ብለው ያዩ ሽማግሌዎች ወደ ጫካው ሄደው «ና፣ አለቃችን ሁን» አሉት። እርሱም ጠልታችሁ አባረራችሁኝ፣ አሁን በጭንቃችሁ ጊዜ ለምን ትመጣላችሁ ብሎ ወቀሳቸው፤ ከዚያም ብመለስና ድል ባደርግ በእርግጥ አለቃ ታደርጉኛላችሁን ብሎ ተዋዋለ። በምጽጳም በእግዚአብሔር ፊት ነገሩ ጸና።

እዚህ ላይ ስለ ጥሪ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሙሴ የተጠራው ከሚነድ ቍጥቋጦ መካከል ነው፤ ሳሙኤል የተጠራው ገና ብላቴና ሳለ፣ በሌሊት በስሙ ተጠርቶ ነው። ዮፍታሔን የጠራው የሰዎች ችግር ነው። ድምፅ አልሰማም፤ ራእይ አላየም። የሰማው ያባረሩት ሰዎች ጕልበቱ ስላስፈለጋቸው ሲለማመጡት ነው። እንዲህ የተጠራ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ በር በሩን ያዳምጣል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል የመጽሐፉን ቅደም ተከተል እንከተል። የእግዚአብሔር መንፈስ በዮፍታሔ ላይ መጣ ይላል፤ ስእለቱን የተሳለው ከዚያ በኋላ ነው። አሞናውያንን በእጄ አሳልፈህ ብትሰጠኝ፣ በሰላም በተመለስሁ ጊዜ ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የሚወጣው ለአንተ ይሁን፣ መሥዋዕትም አደርገዋለሁ አለ። እንግዲህ ጸጋው አስቀድሞ ተሰጥቶታል፤ ዋጋ የጠየቀው ማንም አልነበረም። ታዲያ ስለምን ተሳለ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መልሱን ከልጅነቱ ታሪክ ይፈልገዋል። ከአባቱ ቤት የተባረረ ሰው በነፃ የሚሰጥ ነገር መኖሩን አያምንም። ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደ ተዋዋለ ከፈጣሪውም ጋር ሊዋዋል ሞከረ፤ ሰዎች የሚይዙት በውል ነውና እግዚአብሔርንም በውል ሊይዘው ፈለገ። ብዙ ጊዜ የእምነት ጽናት ተብሎ የሚሰበከው ስእለት፣ በዚህ ዓይን ሲታይ፣ የአለማመን ልጅ ነው።

ሊቃውንት ስለ ቃሉ አነጋገር ብዙ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ዮፍታሔ ያሰበው እንስሳ ነበር ይላሉ። ይህን ክርክር ከተማ ላይ ተቀምጦ ከሚፈታው ሰው ይልቅ የአበርገሌ ፍየል አርቢ በቀላሉ ይረዳዋል፤ በር ሲከፈት መጀመሪያ እየተጋፋ የሚወጣው ከብቱ ነውና። ነገር ግን ያው አርቢ ሌላም ነገር ያውቃል። ከዘመቻ የተመለሰን ሰው ሊቀበል የሚወጣው ፍየል አይደለም። ከበሮ ይዛ፣ እልል ብላ የምትወጣው ሴት ናት፤ ከሴቶቹም ፊት ፊት የምትሮጠው ልጅ ናት። ይህን የማያውቅ ቤት ውስጥ ያልኖረ ሰው ብቻ ነው። ዮፍታሔ ደግሞ ዕድሜውን በዱር አሳልፏል።

ወጣችም። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው፤ ከበሮ እየመታች እየዘፈነች ወጣች። ባያት ጊዜ ልብሱን ቀደደ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የተናገረው የወቀሳ ቃል ነው፤ ያስጨነቅሽኝ አንቺ ነሽ የሚል። ቃሉን የሰጠው እርሱ፣ ተከሳሿ እርሷ ሆነች።

እኛም በዚህ ልንገረም አይገባንም። አማርኛ የሚናገር ሰው በቀን ስንት ጊዜ ልጁን በሞት እንደሚያስይዝ ይቍጠር። «ልጄ ይሙት» እንላለን፤ «ልጄን!» ብለን ግማሹን ውጠን እናልፈዋለን። ቀድሞ በችሎት ፊት «ምኒልክ ይሙት» ይባል ነበር፤ ሙግቱ የሚጸናው በንጉሡ ነፍስ ተይዞ ነው። እንግዳ አልበላም ሲል «እኔ ልሙት» ብለን አንድ ጕርሻ እናስጨምረዋለን። ለአንድ ጕርሻ አንድ ሞት! ይህ ሁሉ የሚያምርብን የሚሰበስበው ባለ ዕዳ ጠያቂ ስለሌለ ነው። የዮፍታሔ ታሪክ የሚያስፈራው አንድ ሰው እኛ ሁላችን የምንለውን ብሎ የከፈለ መሆኑ ነው።

ሆኖም የእኛ ሕዝብ መሐላን ብቻ ሳይሆን መፍቻውንም ሠርቷል። በቍጣ ተነሣሥቶ «ከእገሌ ቤት እህል ውኃ ብቀምስ» ብሎ ራሱን የገዘተ ሰው፣ ቍጣው ሲበርድለት ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። አባትየው ይገሥጹታል፤ ቀኖና ይሰጡታል፤ ከዚያም ይፈቱታል። ሽማግሌም ገብቶ ግዝቱን ያስፈታል። የቍልቢ ገብርኤልን ስእለት ያየ ሰው ያውቃል፤ መካኗ እናት «ልጅ ብትሰጠኝ» ብላ የተሳለችውን ልጅ በታኅሣሥ 19 አዝላ ትመጣለች፤ ልጁ ይጠመቃል፤ ታዝሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል። የተሰጠው ልጅ በሕይወት ይሰጣል እንጂ አይታረድም። የሙሴም ሕግ ይህን ያውቅ ነበር፤ በኦሪት ዘሌዋውያን 27ኛው ምዕራፍ ሰውን ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው በብር እንዲዋጅ ተደንግጓል። ዕድሜዋ ከ5 እስከ 20 ዓመት ለሆነች ሴት ግምቱ 10 ሰቅል ብር ነው። በዚህ መንገድ ስእለቱ ይፈታ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ የእንስሳ መሥዋዕት ያሰበ ሰው በሰው ላይ ሲወድቅበት ዐሥር ሰቅል ከፍሎ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ለምን አልሆነም? የአይሁድ ሊቃውንት የሚተርኩት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ እርሱ ያሳምነኛል። በዚያ ዘመን ስእለቱን ሊፈታ የሚችል ሊቀ ካህኑ ፊንሐስ ነበር። ፊንሐስ «እኔ ሊቀ ካህናት ስሆን ወደዚህ ማይም እሄዳለሁን? እርሱ ይምጣ» አለ። ዮፍታሔም «እኔ የእስራኤል ሹማምንት አለቃ ስሆን ወደ እርሱ እሄዳለሁን?» አለ። በሁለቱ መካከል ልጅቱ ጠፋች። እንዲህ ከሆነ የገደላት ስእለቱ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች የክብር መንገድ አቋርጠው ለመገናኘት ባለመፍቀዳቸው ነው የሞተችው።

የስሙን ነገር ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም። ዮፍታሔ የሚለው የዕብራይስጥ ስም «ይከፍታል» ማለት ነው፤ ሥሩም ከግዕዙ «ፈትሐ» ጋር አንድ ነው። ከዚያ ሥር እኛ ፍትሕን አግኝተናል፣ ፍታትን አግኝተናል፣ ጾም ሲፈታ፣ እስረኛ ሲፈታ፣ ግዝት ሲፈታ የምንለውን ሁሉ አግኝተናል። ዮፍታሔ ንጉሤን ያህል ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ይህን ስም ይዞ ከደብረ ኤልያስ መውጣቱን ስናስብ ለእኛ ስሙ የጥበብ ስም ነው። ያ የጥንቱ ዮፍታሔ ግን ስሙ መፍታት ሆኖ ሳለ የራሱን አፍ ፈቺ አጣ።

ከእርሱ በኋላ የመጣውን ሳኦልን እንይ። እርሱም በጦርነት ቀን ያልታሰበበት መሐላ ማለ፤ እስከ ማታ እህል የቀመሰ ርጉም ይሁን አለ። ልጁ ዮናታን ሳይሰማ ማር ቀመሰ። ሳኦል እንደ ዮፍታሔ ሊጨርሰው ተነሣ፤ ሕዝቡ ግን በመካከል ገባ። ይህን ድል ያደረገልን ዮናታን ይሞታልን? ከራሱ ጠጕር አንዲት እንኳ አትወድቅም ብሎ አዳነው። ሳኦል መጨረሻው ያላማረ ንጉሥ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን በዚያች ቀን ልጁ ዳነ። በምጽጳስ? ዮፍታሔን ከጫካ የጠሩት፣ ውሉን የመሰከሩት የገለዓድ ሽማግሌዎች የት ነበሩ? መጽሐፉ ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም። ሁለት ወር ሙሉ ጊዜ ነበራቸው። ስለ አባት ጭካኔ ሲሰበክ ስለ ሽማግሌዎቹ ዝምታ የሚናገር ሰባኪ ግን ብዙ አልገጠመኝም።

ቃሉን የበላውን ሰው ደግሞ ከዚህ ጎን ማቆም ተገቢ ነው። ጴጥሮስ ከአንተ ጋር እሞታለሁ ብሎ ነበር፤ በዚያው ሌሊት በአንዲት ገረድ ጥያቄ ደንግጦ ሦስት ጊዜ ካደ፤ አላውቀውም ብሎም ማለ። ይህን ስናነጻጽር ነገሩ ግራ ያጋባል። ቃሉን የጠበቀው ዮፍታሔ ልጁን አጠፋ፤ ቃሉን ያፈረሰው ጴጥሮስ ወጥቶ አለቀሰ፣ በኋላም በጎችን እንዲጠብቅ ተሾመ። ድካም ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። አንደኛው የሚሰበር ድካም ነው፤ ሲሰበር ይታያል፣ ያሳፍራል፣ ስለዚህም ይታከማል። ሁለተኛው ጽናት መስሎ የሚቆም ድካም ነው፤ የሚያመሰግነው እንጂ የሚገሥጸው አያገኝም። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ዮፍታሔን ከጌዴዎን፣ ከባርቅ፣ ከሶምሶን፣ ከዳዊትና ከሳሙኤል ጋር በእምነት ሰዎች ተራ መቍጠሩን አልዘነጋሁም። ዝርዝሩን ስመለከተው ግን ያልተሰበረ ሰው አይታየኝም፤ ምናልባት የተጻፈው ለዚህ ይሆናል።

የዋግ ታሪክም ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም። የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበርና ጥሪ በደም የሚወረስ ነገር መሆኑ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ዋግሹም ጎበዜ አባቱን በሰቀሉት በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሸፈተ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ እኅት፣ ድንቅነሽ፣ ሚስቱ ነበረች። የጋብቻው ዝምድና ግን ከዙፋኑ ጥሪ አልበለጠም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ከአማቹ ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ ተማረከ፤ ዓይኑም ጠፋ፤ በእስር ሞተ። የአባትን ደም መመለስ ታማኝነት ነው፤ የዘርን ጥሪ መከተልም ታማኝነት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመችው፣ ባሏ ቢያሸንፍ ወንድሟን፣ ወንድሟ ቢያሸንፍ ባሏን የምታጣው ሴት ለማን ታማኝ ትሁን? ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ እርሷ የጻፉት ጥቂት ነው። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ግን ዋናዋ ባለ ታሪክ እርሷ ትመስለኛለች።

አሁን ወደ 12ኛው ምዕራፍ እንለፍ፤ ብዙ ሰው ከልጅቱ ለቅሶ በኋላ መጽሐፉን ይዘጋዋልና። ዮፍታሔ ከአሞን ንጉሥ ጋር ከመዋጋቱ በፊት መልእክተኛ ልኮ፣ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ጠቅሶ፣ በረጅሙ ተከራክሯል። ለባዕድ ጠላት ይህን ያህል ቃል ነበረው። የኤፍሬም ሰዎች፣ የገዛ ወንድሞቹ፣ ስለምን አልጠራኸንም ብለው በተቈጡ ጊዜ ግን ንግግሩ አጭር ነበር፤ ወዲያው ጦርነት ሆነ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ፤ ሊሻገር የመጣውንም ሁሉ «ሺቦሌት» በል አሉት። ኤፍሬማዊ አንደበቱ አይታዘዝለትምና «ሲቦሌት» ይላል፤ ይገደላል። በዚያ ጊዜ የወደቁት 42,000 ናቸው ይላል መጽሐፉ። አንዲት ፊደል በትክክል ያልወጣችለት ሰው ሞተ። ለእግዚአብሔር በሰጠው ቃል አንዲት ነጥብ ላለማጉደል ልጁን የሰጠው ሰው፣ በአንዲት ድምፅ ምክንያት የወንድሞቹን ደም አፈሰሰ። ሁለቱ ሥራዎች የአንድ ሰው መሆናቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ ቃል ከሰው በልጧል።

አበርገሌ ይህን ምዕራፍ ያለ አንድምታ የሚረዳ አገር ነው። በዋግ በኩል አበርገሌ አለ፤ በትግራይ በኩልም ጣንቋ አበርገሌ አለ። አንድ ስም በአስተዳደር ወሰን ከሁለት ተከፍሎ፣ በኽምጣና፣ በአማርኛና በትግርኛ ይጠራል። በእነዚህ ቆላዎች ሦስቱንም ቋንቋ ሳይቸገር የሚናገር፣ ገበያው በአንዱ፣ ልቅሶው በሌላው፣ ጋብቻው በሦስተኛው የሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ሀብት ለባለቤቱ ፍርሃት ሆነ። ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣ ተጠልለው ከረሙ። በእንዲህ ያለ ዘመን ሰው መንገድ ላይ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚመዘነው መልሱ አይደለም፤ ድምፁ ነው። ያን ዘመን ያየ ሰው «ሺቦሌት» የሚለውን ቃል ትርጓሜ አይጠይቅም።

የቲያትር ሰዎች ከዚህ ታሪክ ጋር ብዙ ታግለዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሸሽተውታል። የግሪኩ ኤውሪጲደስ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት፣ አጋሜምኖን ልጁን ኢፊጌንያን ሲሠዋ፣ በመጨረሻው ሰዓት በእርሷ ፈንታ አጋዘን ታርዳ ተገኘች የሚል ፍጻሜ ከተውኔቱ ጋር ደርሶናል። ሃንደል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1751 የዓይኑ ብርሃን እየደከመ በደረሰው የዮፍታሔ ዜማ ውስጥ መልአክ መጥቶ ልጅቱን ከሞት ያድናታል፤ በድንግልና ለእግዚአብሔር ተለይታ ትኖራለች። ዳዊት ቂምሒን የመሰለ የዕብራይስጥ ሊቅም አልተሠዋችም፣ ተለይታ ኖረች ብሎ ተርጕሟል። እነዚህን ሁሉ አከብራለሁ፤ ሰው ተመልካቹን በጨለማ ወደ ቤቱ መስደድ ይከብደዋል። ነገር ግን መልአኩ ከመጣ ሽማግሌዎቹ ተረፉ፤ ፊንሐስም ተረፈ። በአብርሃም ጊዜ መልአክ የመጣው ያዘዘው እግዚአብሔር ስለ ነበረ ነው። ዮፍታሔን ማንም አላዘዘውም። ስለዚህ እጁን ሊይዝ የሚገባው መልአክ ሳይሆን ሰው ነበር፤ እኔ ብጽፈው መድረኩ ላይ የማስቀምጠው ባዶ ወንበር የዚያን ሰው ነው።

ልጅቱን በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ታሪኩም እንዲሁ ስላደረገ ነው። ስሟ አልተጻፈም። አባቷን አልተሳደበችም፤ አፍህን ከከፈትህ እንዳልህ አድርግ አለችው። ይህን መልስ ስለ ታዛዥነቷ የሚያደንቁ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ የጠየቀችውን እመለከታለሁ። ሁለት ወር ስጠኝ፣ ከባልንጀሮቼ ጋር ወደ ተራራ ወጥቼ ስለ ድንግልናዬ ላልቅስ አለች። ለአባቷ ቃል ታዘዘች፤ ለቅሶዋን ግን ለአባቷ አልሰጠችም። ከቤት ወጣች፤ ከእኩዮቿ ጋር ሆነች፤ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ተራራ ላይ አለቀሰች። በታሪኩ ውስጥ ስለ ሰዎች እንጂ ስለ ቃል ያልተጨነቀ አንድ ሰው ቢኖር እርሷ ናት፤ ከባልንጀሮቿ በቀር የፈለገችው ነገር የለምና።

ዮፍታሔ በእስራኤል ላይ ስድስት ዓመት ፈረደ፤ ሞቶም በገለዓድ ተቀበረ። በየትኛው ከተማ እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። የእርሷ ባልንጀሮች ግን በየዓመቱ አራት ቀን እየወጡ ያስቡአት ጀመር። በሰቆጣ የነሐሴ 16 ጧት ሲደርስ፣ ከክረምቱ ጭቃ መካከል ሻደይ ቈርጠው የሚያመጡት፣ አንዷ ለሌላዋ ወገብ እየለካች የምታስረውም ልጃገረዶቹ ራሳቸው ናቸው። ከበሮውን ይዘው ወደ ሰው ደጅ ሲደርሱ የቤቱ ባለቤት ከውስጥ ይወጣል። ቆሞ ያያቸዋል፤ ያለውን ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም መርቀውት ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።